ከጭራው ኋላ

የጂያዪ ከተማ የቅዳሜ ብስክሌተኞች በየዓመቱ፣ የአውሎ ነፋሱ ወራት አልፎ ብርዱ ሳይጠና፣ የሚኖሩባትን ደሴት ሙሉ በብስክሌት ይዞሯታል። ዘመድ ወዳጁ፣ የሰፈሩ ሱቅ፣ የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ለእያንዳንዳቸው ገንዘብ ቃል ይገባላቸዋል። የተሰበሰበውም ከሩቅ አገር እየመጡ የካንሰር ሕክምና የሚከታተሉ ሰዎች ለሚያርፉበት ቤት ይሰጣል። ደግ ሥራ ነው፤ ማንም የሚጠላው አይደለም። ጣጣው ያለው ጨርቁ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ብስክሌተኛ ጀርባው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ጨርቅ አለችው። ጨርቋ ላይ የሚነዳለት ሰው ስም በወፍራም ቀለም ይጻፋል። ሰውየው ታሞ በሕይወት ካለ ጨርቋ ቢጫ ናት፤ ከሞተ ነጭ። ከኋላ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ያንን ስም እያነበበ ይውላል፤ አቀበት ላይ አንገቱን ደፍቶ ሌላ ምን ያያል? ማታ እራት ላይ ደግሞ እያንዳንዱ በተራው ይነሣና ሲከተለው ስለዋለው ስም ጠይቆ የሰማውን ይናገራል። የራስህን ሰው ራስህ አታነሣም፤ የሚናገርልህ ከኋላህ የዋለው ነው።

ይህን ሥርዓት ያወጣው የቡድኑ መሪ ዴንግፋ ነው። ዴንግፋ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሆዱ ከብስክሌቱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ወሬ የማይጠግብ ሰውዬ። "ሰው ስለራሱ ሐዘን ሲያወራ እራቱን አይበላም፣ ስለሰው ሐዘን ሲያወራ ግን ሁለት ሳህን ይጨርሳል" ይላል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ዘነጋ፤ ከሰልፉ መጨረሻ ሰው ኋላ ማንም የለም።

መጨረሻ የሚነዳውን ሰው ጭራ ይሉታል። ሥራው ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር መጠበቅ፣ ጎማው የተነፈሰበትን ማገዝ ነው። እንደ ልማዱ ጭራነት በየቀኑ ይዞራል። ኩንሻን የሚባለው ብስክሌተኛ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይዞት አልለቅም ብሏል። ሲጠይቁት "ወገቤ ፊት ፊት መሄድ አይወድም" ይላቸዋል። እነሱም እሺ ይላሉ። የወገብ ነገር እንዳልሆነ ግን እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ። ጀርባው ላይ ያለችው ጨርቅ "ሚንጁ" ትላለች። ሚንጁ ሚስቱ ናት። ጨርቋ ቢጫ ናት። ሚንጁ ደግሞ ከሞተች ዓመት አልፏታል።

ነገሩ ሲጀመር ስሕተት ነበር። አምና ዴንግፋ ጨርቆቹን ሲያድል የኩንሻን እጅ እንደለመደችው ወደ ቢጫው ሄደች፤ በሽታዋ ከተነገራቸው ጊዜ ጀምሮ የሚያነሣው ቢጫውን ነበርና። ስሟን ጻፈ፣ ቆለፈ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። የሬሳ ሣጥኗን የተሸከሙት እነዚያው ሰዎች ዙሪያውን ቆመው አዩት። አንዳቸው "ኧረ ኩንሻን፣ ተሳሳትክ" ቢሉት ኖሮ በዚያው ይለውጠው ነበር። ማንም አላለውም። አንዱ ጎማውን መንካት ጀመረ፣ ሌላው ጫማውን አሰረ፣ ዴንግፋ ፊሽካውን ነፋ። አንድ ቀን ካለፈ በኋላ ደግሞ ቢጫውን አንሥቶ ነጩን ማድረግ ሚንጁን በገዛ እጁ እንደ መቅበር ሆነበት። ስለዚህ ጭራ ሆነ፤ ጭራን ማንም አያነብበውም። ጓደኞቹም እንዳይከፋው ብለው ስሟን ፊቱ አያነሡም። እንዲህ ባለ ደግነት ነው ሰውዬውን ብቻውን ያስቀሩት።

ድሮ ከኋላው የምትነዳው ሚንጁ ነበረች። መንገዱ ላይ ጉድጓድ ሲያይ ግራ እጁን ወደታች ዘርግቶ "ጉድጓድ!" ይላል፤ እሷ ከኋላ "አየሁ!" ትላለች። ዛሬም እጁን ይዘረጋል። ከኋላው ባዶ መንገድ መሆኑን እያወቀም ይዘረጋል።

ዘንድሮ ታይናን ከተማ ላይ አንዲት አዲስ ሴት ተቀላቀለቻቸው። ያፌን ትባላለች፤ አርባዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች፣ የሒሳብ አስጠኚ። ብስክሌቱን ከእህቷ ባል ተውሳ ነው የመጣችው፤ ኮርቻው ከፍ ብሎባት ስትቆም ባንድ ጫማ ጫፍ ነው የምትቆመው። ቢጫ ጨርቋ ላይ "ሹሊ" የሚል የታላቅ እህቷ ስም አለ። ሜዳው ላይ እንደምንም ስትከተል ሰነበተች። ደቡብ ደርሰው የሾውካን አቀበት ሲጀምሩ ግን ቀረች። ጭራው እሷን ትቶ መሄድ አይችልም፤ ከኋላዋ እየተንፏቀቀ ተከተላት።

"ጋሼ፣ በእናትዎ ቀድመውኝ ይሂዱ!" አለችው አንዱ ኩርባ ላይ ቆማ። "ከኋላዬ ሲሆኑ ፖሊስ የሚያባርረኝ ነው የሚመስለኝ።"

"ጭራ አይቀድምም።"

"ቀስ ብለው ይቅደሙኛ። እኔ ጭራ ልሁንልዎት፣ እርስዎ የሚጎትተኝ ገመድ ይሁኑኝ።"

ቀደማት። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላው ድምጿ መጣ።

"ጋሼ ኩንሻን፣ ሚንጁ ማን ናት?"

"ባለቤቴ ናት።"

"ቢጫ! እሰይ! ምኗን ነው ያመማት?"

"ቆሽቷን።"

የፔዳሏ ድምፅ ተቋረጠ፤ ደግሞም ቀጠለ። "ቆሽቷን? የእኔም ሹሊ እኮ ቆሽቷን ነው! ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆናት?"

"ሦስት ዓመት።" ይሄ እውነት ነበር፤ ከጀመራት ሦስት ዓመት ሆኖታል።

"ሦስት ዓመት! ለሹሊ ሐኪሙ እስከ አዲስ ዓመት እንኳ አልሰጣትም። አሁን እንዴት ናት?"

ይሄን ጥያቄ ሰው ከጠየቀው ስንት ጊዜው! ኩንሻን ፊት ለፊቱ ያለውን ኩርባ፣ በመንገዱ ጠርዝ የተንጠለጠለውን የቀርከሃ ቅጠል አየ። "ሞታለች" ማለት ነበረበት። አንዲት ቃል ናት።

"ደህና ናት" አለ።

"ትበላለች?"

"ጊሽጣ አይጠገብላትም። ከእጄ እየቀማች ነው የምትበላው። ፍሬውን በመስኮት ትተፋና የጎረቤት ድመት ትመታበታለች።"

ያፌን እያለከለከች ሳቀች። ያ ሳቅ ነው ያጠፋው። ከዚያ በኋላ አፉ አልተዘጋም። ካልሲውን ገልብጦ ሲያወልቅ እንዴት እንደምትጨቀጭቀው፣ የዓሣ ሾርባ ውስጥ ዝንጅብል አበዛህ እያለች እንዴት እንደምታሽሟጥጠው፣ ቴሌቪዥን እያየች እንቅልፍ ሲወስዳት "አልተኛሁም" እያለች እንዴት እንደምትዋሽ ነገራት። ሁሉንም አሁን እንደሚሆን አድርጎ ነው የነገራት። አቀበቱ አልታወቀውም። ደስ አለው፤ ለራሱ እስኪያሳፍረው ድረስ ደስ አለው።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ሌሎቹ ዕቃቸውን ከሚጭነው መኪና በወረደ ሻይና በተቀቀለ እንቁላል ሲጠብቋቸው ነበር። ያፌን ብስክሌቷን ሣር ላይ ጥላ ስልኳን አወጣች። "ሹሊ! ስሚኝማ! አንድ ጋሼ አለ እዚህ፣ የሚስቱ በሽታ ልክ እንደ አንቺ ነው፤ ሦስት ዓመቷ! ጊሽጣ እየበላች ድመት ትደበድባለች! አልኩሽ አይደል? አልኩሽ!" ስትጮህ ሰው ሁሉ ሰማት። ሰው ሁሉ ደግሞ እንቁላሉን ይልጥ ጀመር። ኩንሻን የያዘው ሻይ እጁ ላይ ቀዘቀዘ። ሄዶ ሊነግራት ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሶ ተቀመጠ።

ያን ቀን ቁልቁል ወደ ባሕሩ ወርደው ዳዉ በምትባል ትንሽ ከተማ አደሩ። እራት ላይ ተራው ያፌን ጋ ሲደርስ ተነሣች። ከጭራው ኋላ ሰው ሲውል የመጀመሪያው ነበር።

"እኔ ዛሬ የተከተልኩት ሚንጁን ነው" አለች። "ሚንጁ ቆሽቷን ታማ ነበር። አሁን ግን ጋሼ ኩንሻንን ስለ ካልሲ ትጨቀጭቀዋለች። ከመጣሁ ጀምሮ የሰማሁት ደስ የሚል ወሬ ይሄ ብቻ ነው። ተመስገን።"

 የሬሳ ሣጥኗን በቀኝ የያዘው ሰው ሩዙን አየ። በግራ የያዘው ጥርሱን በእንጨት መጎርጎር ጀመረ። ኩንሻን አንዱ እንኳ አፍ አውጥቶ እንዲናገር ለመነ፤ በሆዱ ለመናቸው። ዴንግፋ ጉሮሮውን ጠረገ።

"በሉ ብሉ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ" አለ።

ሁሉም ደስ ብሏቸው አጎነበሱ። ኩንሻን ሳህኑን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ቢከሰክሰው ደስ ባለው። አልከሰከሰም። እሱም ዓሣውን በላ።

ከእራት በኋላ ኩንሻን ጓሮ የተሰጣ ልብሱን ሲያገላብጥ ያፌን ስልኳን ይዛ መጣች። "ሹሊ ካላነጋገርኩት ብላለች። ያበርቷት እሺ? እኔ ልብሴን ላስጨምቅ" ብላ ስልኩን እጁ ላይ አስቀምጣ ወደ ማጠቢያ ማሽኑ ክፍል ገባች።

"የጊሽጣው ሰውዬ እርስዎ ነዎት?" አለ የደከመ፣ ግን ቀልድ ያለበት የሴት ድምፅ።

"ነኝ።"

"ያፌን አጠገብዎ አለች?"

"ውስጥ ገብታለች።"

"እንግዲያው ይንገሩኝ። መቼ ነው የሞተችው?"

ኩንሻን የተደፋ ባልዲ አገኘና ተቀመጠበት። "አምና" አለ። "የግንቦቱ ዝናብ ሲጀምር።" ከራሱ አፍ ሲወጣ ሰማው። "እንዴት አወቅሽ?"

"በሕይወት ያለችን ሚስት ባሏ ቀኑን ሙሉ ሲያሞግሳት ሰምቼ አላውቅም" አለች ሹሊ። "የእኔው ባል እንኳ ማሞገስ የጀመረው ሐኪሙ ከነገረው በኋላ ነው።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ይቅርታውን ይተዉት። የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው። እዚህ የገባ ሁሉ 'በርቺ' ብሎኝ ይወጣል። መጨረሻ ላይ... ምን ነበር የምትፈልገው?"

ይሄንንም ማንም ጠይቆት አያውቅም። ኩንሻን አሰበ። "አጠገቧ እንድቀመጥ። በርቺ እንዳልላት። እግሯ ይበርዳት ነበር፤ በእጄ እንድይዝላት ትወድ ነበር። ሌላ ምንም።"



"ያፌን ስሜን ጀርባዋ ላይ ለጥፋ ደሴት ትዞራለች" አለች ሹሊ። "የማላውቃቸው ሰዎች ስሜን ያነባሉ። እኔ እዚህ ጣሪያ አያለሁ። እግሬ ይበርደኛል። ነይ ልላት አፈርኩ፤ ለእኔ ብላ የምትለፋውን ሰው ለእኔ አትልፊልኝ እንዴት እላለሁ? እርስዎ ይንገሩልኝ። እርስዎን ታምናለች።"

አሁን ታምነዋለች። ከነገራት በኋላ እንደማታምነው ሁለቱም ያውቁታል። ስለ ሚንጁ የጠየቀችው፣ ስለ ሚንጁ የሳቀችው ከቡድኑ ያፌን ብቻ ናት። ዝም ቢል ነገም ሌላ ጊሽጣ፣ ሌላ ካልሲ ይነግራታል፤ እስከ ጂያዪ የሚበቃ ወሬ ነበረው።  ኩንሻን ከባልዲው ላይ ተነሥቶ ገባ።

ያፌን የተጨመቀ ልብሷን ታራግፍ ነበር።

"ሞታለች" አላት።

"ማን?" ፊቷ ነጭ ሆነ።

"ሚንጁ። አምና ነው የሞተችው።"

መጀመሪያ የገባት አልመሰለም። ከዚያ እርጥቡን ልብስ ደረቱ ላይ ወረወረችው። "ቀኑን ሙሉ ጊሽጣ ስታበላኝ ዋልክ!" እርስዎ ማለቱ ቀረ። "እህቴን ምን ልበላት? ንገረኝ፣ ምን ልበላት?"

"እሷ አውቃለች። ከእኔ አፍ ሳይወጣ ነው ያወቀችው። ነይ ብላሻለች።" ቀጥሎ ያለው ከበደው። "እግሯ ይበርዳታል፤ በርቺ አትበያት፣ እግሯን ያዥላት።"

"እኔ እዛ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልችልም!" ብላ ጮኸች ያፌን። "ለዛ አይደል እንዴ የምነዳው?" አለቀሰች፤ ማሽኑ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ኩንሻን እርጥቡን ልብስ እንደታቀፈ ቆመ። ትከሻዋን ሊነካት ፈለገ፤ አልደፈረም።

ጠዋት ወደ ምዕራብ በሚሄደው ባቡር ሄደች። ብስክሌቱን ዴንግፋ መኪናው ላይ ጫነው። ቢጫ ጨርቋን ከጀርባዋ ፈትታ፣ አጥፋ ኪሷ ከተተቻት። ሁሉንም አንድ በአንድ ተሰናበተች፤ ኩንሻንን ዘለለችው።

ያን ቀን መንገዱ ወደ ሰሜን ነበር፤ ነፋሱ ከባሕሩ እየተነሣ ፊት ለፊት ይገፋል። የፊተኞቹ ተጠጋግተው አንዱ ሌላውን ከለለ። ኩንሻን ግን ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ብቻውን ነዳ። ታይማሊ አካባቢ በመንገዱ ዳር ጊሽጣ በቅርጫት ተደርድሮ ይሸጣል። አልቆመም። ጉድጓድ ባየ ቁጥር እጁን ዘረጋ፤ ከኋላው ነፋስ ብቻ ነበር።

እራት ላይ ሁሉም የየተከተሉትን ተናገሩ። ሲጨርሱ ዴንግፋ ስልኩን አወጣና መነጽሩን አደረገ። "ያፌን መልእክት ልካለች። ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልገባኝም። 'ለጭራው ንገሩት፤ ይዤላታለሁ። ሞቋታል።' ትላለች።"

ኩንሻን ተነሣ። ወንበሩ ሲጮህ ሁሉም ቀና አሉ።

"ዛሬ ከኋላዬ ማንም አልዋለም" አለ። "ስለዚህ ደንቡን አፍርሼ ራሴ እናገራለሁ። ሚንጁ ሚስቴ ናት። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖርን። አምና ግንቦት ላይ ሞተች። እናንተም ነበራችሁ።" አንድ በአንድ አያቸው። "ነበራችሁ እኮ። አንድ ሰው እንኳ ስሟን አይጠራም?"

ማንም ወደ ዓሣው አላጎነበሰም። ዴንግፋ ተነሥቶ ወጣ፤ የመኪናው በር ሲከፈት ተሰማ፣ ተመልሶ መጣ። እጁ ላይ በአራት የታጠፈች፣ ጠርዟ የቆሸሸች ነጭ ጨርቅ ነበረች። ዘረጋት። በዴንግፋ በራሱ ጠማማ ጽሕፈት "ሚንጁ" ትላለች።

"ከአምና ጀምሮ መኪናው ኪስ ውስጥ ነበረች" አለ። 

"ለምን አልሰጠኸኝም?"

"ትጠይቀኛለህ ብዬ።"

"እኔ ደግሞ ትነግሩኛላችሁ ብዬ" አለ ኩንሻን።

በማግስቱ ጠዋት ነጯን ጨርቅ ዴንግፋ ቆለፈለት፤ ወፍራም ጣቶቹ መርፌ ቁልፉ ላይ እየተንሸራተቱ ሁለት ጊዜ ወጉት። ከዚያ መሪነቱን ለሌላ ሰጥቶ ከኩንሻን ኋላ ገባ። ከከተማው እንደወጡ ከባድ መኪና የቦረቦረው አስፋልት መጣ። ኩንሻን እንደ ልማዱ ግራ እጁን ወደታች ዘረጋ።

"ጉድጓድ!"

"አየሁ!" አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

ሻካራ፣ ትንፋሽ ያጠረው የወንድ ድምፅ ነበር። ኩንሻን ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ድምፅ ሲጠብቅ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባው፤ ያ ድምፅ እንደማይመጣም ገባው። ፊቱን አላዞረም። እንባው በነፋሱ ወደ ጆሮው እየሄደ ነዳ፤ ሌላ ጉድጓድ ሲመጣም እጁን ዘረጋ።